ጥላው ከልጁ ሲያጥር፦ በመኖሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያዎች ልጆችን ከፀሐይ ስለ መጠበቅና ፀሐይንም ስላለመንፈግ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)



ይህን ርእስ መምረጤን የሰማ አንድ ባልደረባዬ «የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን ብለን በምንኮራበት አገር ስለ ፀሐይ ምን ልትነግሪያቸው ነው?» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ፀሐይን አብረናት ስላደግን የሚጠና ነገር አትመስለንም። ስለ ብርድ፣ ስለ ንፋስ፣ ስለ ጉንፋን ለልጆቻችን እንጨነቃለን፤ ስለ ፀሐይ የምናስበው ግን ወይ ሲሞቀን ነው፣ ወይ ደግሞ የልጁ አጥንት እንዲጠነክር «አሙቁት» ስንባል ነው።

ስለ ልጆች በጠቅላላው መናገር እችል ነበር። በመኖሪያ ቤት ስለሚካሄዱ ማቆያዎች ለይቼ ለመናገር የፈለግሁበት ምክንያት ግን አለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን የምትይዝ አያት ከሌለች፣ ሞግዚት ለመቅጠርም አቅም ካነሰ፣ የልጁ መድረሻ ብዙ ጊዜ በገዛ ቤቷ አምስት ስድስት ልጆች የምትይዝ የሰፈር ሴት ናት። እንግዲህ አራተኛ ወሩን የጀመረ ሕፃን የቀኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያሳልፈው በእርሷ ቤት ነው። ወላጆቹ ልጃቸውን የሚያገኙት ማለዳና ምሽት፣ ፀሐይ በሌለችበት ወይም በደከመችበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በሳምንቱ አምስት ቀናት ያ ልጅ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚያገኝ የምትወስነው ሐኪሙም እናቱም ሳይሆኑ ይህች ሴት ናት። ይህን የሚያህል ኃላፊነት እንደተሸከመች ግን ማንም አልነገራትም።

በአዲስ አበባ ያየኋቸውን ሁለት ቤቶች ላንሣ። የአንደኛዋ ቤት ሰፊ ግቢ አለው። ልጆቹ ቁርስ ከበሉ በኋላ ይወጣሉ፤ ምሳ እስኪደርስ በሲሚንቶው ወለል ላይ ሲሯሯጡ ይቆያሉ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ማንም «ግቡ» አይላቸውም። ሁለተኛዋ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ለልጆች አደገኛ ነው፤ ንፋሱም ያስፈራታል፤ ከወላጆችም አንዱ «ልጄ ጠቆረብኝ» ብሎ ተቆጥቷታል። ስለዚህ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ሕፃናቱን ግን በየጧቱ በተዘጋው የመስኮት መስታወት ሥር አስተኝታ «ፀሐይ ታሞቃቸዋለች»። ሁለቱም ሴቶች ልጆቹን ይወዳሉ፤ ሁለቱም ትጉሆች ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ልጆቹን ለጉዳት እያጋለጠች ነው፤ የሁለተኛዋም ከፀሐይ ሊያገኙት የሚገባውን እያገኙ አይደለም። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን መንገድ ስለ መፈለግ ነው።

ከመጀመሪያዋ ቤት ልጀምር። የፀሐይ ሙቀትና ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሙቀቱን ቆዳችን ያውቀዋል፤ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር ግን ዓይናችን አያየውም፣ ቆዳችንም ወዲያው አይሰማውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ምክንያቱም በእኛና በፀሐይ መካከል ያለው አየር ይሳሳል። ከዚህም በላይ በምድር ወገብ አካባቢ ጨረሩን የሚያጣራው የኦዞን ንጣፍ በተፈጥሮው ሳሳ ያለ ነው፤ ፀሐይም አናታችን ላይ ትቆማለች። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ ባወጡት የአልትራቫዮሌት መለኪያ 3 ሲደርስ ጥንቃቄ ይጀመራል፤ 11ና ከዚያ በላይ «እጅግ ብርቱ» ተብሎ የመጨረሻውን እርከን ይይዛል። በአዲስ አበባ ሰማዩ ጠርቶ እኩለ ቀን ሲሆን ይህን የመጨረሻ እርከን ማለፍ የተለመደ ነው። ቀዝቀዝ ያለው አየራችን ያታልለናል። በድሬዳዋ እናት ልጇን ከፀሐይ የምታስገባው ስለሚሞቃት ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ይህን የሚያስታውሳት ሙቀት የለም።

በዚህ ላይ «እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ አያቃጥለንም» የሚል እምነት አለ። ከፊሉ እውነት ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ጋሻ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጥቁር ሰዎች የላይኛው ቆዳ የመከላከል አቅም 13 ገደማ፣ የነጮቹ ግን 3 ገደማ እንደሆነ ለክቷል። በበይነ መረብ የምናነባቸው የፀሐይ ምክሮች አብዛኞቹ የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው፤ እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ልበስ፣ ተቀባ፣ ባርኔጣ አድርግ» እያሉ የዘመቱት የቆዳ ካንሰር በርትቶባቸው ነው። ያንን ዘመቻ ቃል በቃል ወደ እኛ ማምጣት ተገቢ አይመስለኝም። ሆኖም ጋሻው ሙሉ አይደለም፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፣ ቀለሙም ገና አልዳበረም። የልጅ የዓይን ሌንስም ከአዋቂ ይልቅ ጨረሩን ወደ ውስጥ ያሳልፋል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት ውላ የምትመጣበት ቤት ነበር። አንድ ቀን ትከሻዋ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ስትነካ እያለቀሰች መጣች። ትኩሳት መስሎን የትኩሳት መድኃኒት ሰጠናት። በሦስተኛው ቀን ትከሻዋ ተላጠ። ይህን ትምህርት የማስተምር ሰው ሆኜ የፀሐይ ቃጠሎ መሆኑን አላወቅሁም፤ ምክንያቱም የተማርሁበት መጽሐፍ «ቆዳው ይቀላል» ይላል፣ የእኛ ልጆች ቆዳ ግን ሲቃጠል ሁልጊዜ አይቀላም። ስለዚህ በጥቁር ቆዳ ላይ የምትፈልጉት መቅላትን አይደለም፤ መጋልን፣ ሲነካ ማመምን፣ መወጠርን፣ ከቀናት በኋላም መላጥን ነው። ልጁ ውኃ ከቋጠረ፣ ካስመለሰው ወይም ከደከመ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ግን ምልክቶቹን ሳትጠብቁ ውሰዱት።

በነገራችን ላይ፣ ፀሐይ ላይ ከዋሉ በኋላ ከንፈር ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ቁስል፣ ብዙዎቻችን ምች የምንለው፣ ሄርፒስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ብርቱ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ዳማከሴ የሚጨምቁት እናቶቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ስሕተት አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ቤት ልሻገር፤ ከዚህኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። ሰውነታችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ከአልትራቫዮሌት ጨረሮች አንደኛው፣ ዩቪቢ የሚባለው፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህ ቫይታሚን ከሌለ አንጀት ካልሲየምን በበቂ አይቀበልም፤ አጥንት ይለፈሰፍሳል፤ የልጁ እግር ይንጋደዳል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ እርግብግቢቱ በጊዜው አይገጥምም። ሪኬትስ የምንለው ይህንን ነው። የእናት ጡት ወተት ለልጅ ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው። ቅድም ያመሰገንሁት የጥቁር ቆዳ ጋሻም ዩቪቢን ስለሚያግድ፣ የእኛ ልጆች ይህን ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ልጅ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ነገሩ እግር በመንጋደድ ብቻ አያበቃም። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያካሄዱትን ጥናት በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። በሳንባ ምች ተይዘው የተኙ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በሳንባ ምች ካልተያዙ ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ሌሎች ምክንያቶች ተስተካክለው ሲሰሉ፣ በታመሙት ዘንድ ሪኬትስ የመገኘቱ ዕድል ካልታመሙት 13 እጥፍ ገደማ ነበር። የጎድን አጥንቱ የላላ፣ ጡንቻው የደከመ ልጅ በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውንም በደንብ አያወጣም። ይህ የሆነው የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልበት አገር፣ በዋና ከተማው ነው። ፀሐዩ ደጅ ላይ ነበር፤ ልጆቹ ግን ተሸፋፍነው ቤት ውስጥ ነበሩ።

የመስኮቱ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ተራ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል፤ ዩቪኤ የተባለውን ሌላውን ጨረርና ሙቀቱን ግን በብዛት ያሳልፋል። ስለዚህ በመስታወት ሥር የተኛው ሕፃን ይሞቀዋል፣ ያልበዋል፣ ቆዳውም የሚያስረጀውን ጨረር ይቀበላል፤ ቫይታሚን ዲ ግን አያገኝም። እኅቴ ለወራት የደከመችው ድካም አጥንት ውስጥ አልገባም ማለት ነው። መስኮቱን ብትከፍተው፣ ጨረሩ በቀጥታ ልጁ ላይ ቢያርፍ፣ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

እንግዲህ መቼ ይውጡ? መጽሐፎች «ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከፀሐይ ራቁ» ይላሉ። እኔ ከሰዓት ይልቅ የማምነው ጥላን ነው። ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ መሬት ላይ ያረፈው ጥላው ከቁመቱ ካጠረ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ ጨረሩም በርትቷል፤ ጥላው ከቁመቱ ከረዘመ ግን ገር ነው። ከአዲስ አበባ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተነሥቼ እንዳሰላሁት፣ በሚያዝያ የልጁ ጥላ ከቁመቱ የሚያጥረው ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በታኅሣሥ ግን ከ4 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰውም በሰዓታችን ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ወደ 6 ሰዓት ተኩል ተጠግታ ነው፤ ስለዚህ «6 ሰዓት አለፈ» ብላችሁ አትዘናጉ። የጥላ መለኪያ ወርን፣ ቦታንና ሰዓትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሰላላችኋል፤ ገንዘብም አይጠይቅም፤ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ሊለካው ይችላል፣ ይወደዋልም።

ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነጥብ አለ። ጥላው በጣም ረጅም ሲሆን፣ ማለትም ገና ፀሐይ እንደወጣች፣ ቃጠሎም የለም፣ ቫይታሚንም የለም፤ ዩቪቢ በሰያፍ ሲመጣ አየሩ ውስጥ ይቀራልና። ስለዚህ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ልጅን ራቁቱን ማውጣት ብርድ ከማስመታት በቀር ብዙ አይጠቅምም። እኔ የምመርጠው ጥላው ከቁመቱ ትንሽ የሚረዝምበትን፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለውን ጊዜ ነው። እጅና እግር ገለጥ ይበል፤ ፊትና ዓይን በባርኔጣ ወይም በሰውነታችሁ ጥላ ይሸፈን፤ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን የፀሐይ መከላከያ አይደለም፤ «ቀብቼዋለሁ» ብላችሁ ሰዓቱን እንዳታስረዝሙ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይቀመጥ፣ ቫይታሚን ዲም በቀን 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት በጠብታ እንዲሰጠው ይመክራል። ይህ ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ምክሩ ግን ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ በሉ፤ ፀሐዩን የሚከለክለው ጠብታውን ሰጥቶ ነው። ጠብታውን የሚያገኝ ቤተሰብ ሐኪሙን አማክሮ ይስጥ፤ ያኔ ፀሐይ ማሞቅ ግድ አይሆንም። ጠብታው በሌለበት ቤት ግን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ቆርጦ መውሰድ ወደዚያች ወደተዘጋችው ቤት ይመልሰናል።

ጥላው ካጠረ በኋላ ስላለው ሰዓት ብዙ አልናገርም። እንቅልፍ፣ ምሳ፣ ተረት፣ ሥዕል የሚባሉት ሁሉ ለዚህ ሰዓት የተፈጠሩ ናቸው። ግድ ውጭ መሆን ካለባቸው ከዛፍ ሥር ወይም ከዳስ በታች ይሁኑ፤ ነገር ግን የጨረሩ ብዙ ክፍል ከሰማዩ ሁሉ ተበትኖ ስለሚመጣ ጃንጥላ ብቻውን በቂ አይደለም። ሰማይ በብዛት የሚታይበት ጥላ ደካማ ጥላ ነው። ልብስን በተመለከተ ቀላል ፈተና አለ፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርጉት። ብርሃን ካሳለፈ ጨረሩንም ያሳልፋል። ነጠላ በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ እጥፍ ጋቢ ያልፋል፣ ግን ሕፃኑን ያፍነዋል። የሕፃን ጋሪን በብርድ ልብስ መጋረድም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል። ጥቅጥቅ ያለ ጥጥ፣ ረጅም እጅጌ፣ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይበቃል። ኬፕ የሚባለው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ይተዋል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም በመጨረሻ የሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያ መሆን የለበትም። ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በመደበኛነት አይመከርም። ለትልልቆቹ፣ ከተገኘ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ የመከላከያ ቁጥሩ 30 የሆነ ይበቃል፤ ይህ ቃጠሎ ከሚያመጣው ጨረር 97 በመቶ ገደማውን ሲያስቀር 50 የሚለው 98 በመቶ ገደማውን ያስቀራል፤ ለዚያች አንድ በመቶ እጥፍ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። በየሁለት ሰዓቱ ካልተደገመ ግን ዋጋ የለውም፤ አምስት ልጅ የያዘች ሴት በየሁለት ሰዓቱ ትቀባለች ብሎ ማሰብ ደግሞ ቤቷን አለማወቅ ነው።

አሁን እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለማይመለከተው ልጅ ልናገር። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ከጥቁር ወላጆች ይወለዳል፤ ቆዳውና ፀጉሩ ነጣ ያለ ነው፣ ዓይኑ ብርሃን ይፈራል፣ ብዙ ጊዜም ይርገበገባል። ሜላኒን የለውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ልጅ «ለአጥንቱ ፀሐይ እናሙቀው» የሚለው ደግ ልማድ ጉዳት ነው። በአፍሪካ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር የሚሞቱት የፀሐዩ ጉዳት ከሕፃንነት ጀምሮ ስለሚጠራቀም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከተሰጣችሁ፣ የጥላ መለኪያውን ተዉት፤ በማንኛውም የቀን ሰዓት ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ክሬም፣ የሚቻል ከሆነም የፀሐይ መነጽር ያስፈልገዋል፤ ቫይታሚኑን በጠብታ ያገኛል። ለእርሱ ክሬም ቅንጦት ሳይሆን መድኃኒት ነው። ሌሎቹ ልጆች ሲወጡ እርሱ ብቻውን እንዳይቀርም፣ ሁሉም የሚጫወቱበትን ቦታ ወደ ጥላ ማዞር ይቀላል።

*ከአድማጮች ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ*

ጥያቄ፦ በክረምት ፀሐይ የለም፤ ያን ጊዜስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በአዲስ አበባ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ አንደኛው ሚያዝያ 5 ገደማ፣ ሁለተኛው ነሐሴ 23 ገደማ ነው። ሁለተኛው ከክረምቱ ውስጥ መሆኑን ታያላችሁ። ስስ ደመና ከጨረሩ አብዛኛውን ያሳልፋል፤ የጠቆረ የዝናብ ደመና ግን ብዙውን ያስቀራል። ስለዚህ በክረምት ሁለት ነገር አድርጉ፤ በጧት ደመናው ገለጥ ሲል ልጆቹን ለማውጣት ዕድሉን አታሳልፉ፤ እኩለ ቀን ላይ በድንገት ሲጠራ ደግሞ «እንኳን ፀሐይ ወጣልን» ብላችሁ ረጅም ሰዓት አትተዋቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ልጆች እይዛለሁ። አንድ አባት «ልጄ አንቺ ቤት ከገባች ወዲህ ጠቆረች» ብሎ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማውጣት ተውሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ጥያቄሽ ከንግግሬ ሁሉ ይከብዳል፤ አመሰግናለሁ። ቅሬታው ስለ መልኳ ብቻ ከሆነ ለእርሱ ስትይ ልጅቱን ቤት ውስጥ መዝጋት የለብሽም። ሆኖም ቆዳ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጎልቶ ከጠቆረ፣ ብዙ ፀሐይ እንዳገኘና ራሱን እየተከላከለ እንደሆነ ይነግረናል፤ ስለዚህ አንቺም በስንት ሰዓት ታወጫቸው እንደነበር መለስ ብለሽ አስቢ። ጥላዋ አጥሮ ከነበረ አባትየው በከፊል ትክክል ነው። ልጅ ስትቀበዪ በመጀመሪያው ቀን የመውጫና የመግቢያውን ሰዓት ለወላጆቹ ንገሪያቸው፤ ባርኔጣ ስሟን ጽፈው እንዲያመጡ ጠይቂ፤ ሰዓቱንም ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው። ያ አባት ነገ ቢመጣ ደግሞ፣ ከፈቀደ፣ ልጁን ይዞ ግቢው ውስጥ ጥላዋን አብራችሁ ለኩት።